በሦስቱ መሃል ያለው ገዳይ

ከተጣለ ማይክሮዌቭ የሚወጣው ትራንስፎርመር፣ ብልጭታው እና በአምቦ ከፍታ ላይ የሚቀየረው ስሌት

አምቦ መናኸሪያ አቅራቢያ ባለች አንዲት ጠባብ የጥገና ቤት ውስጥ ሦስት ዕቃዎች ግድግዳ ተደግፈው ተደርድረዋል። በግራ በኩል ሽፋኑ የተነሳ፣ ከኋላው ሾጠጥ ያለ የድሮ ቴሌቪዥን አለ። በቀኝ በኩል እዚሁ አገር በእጅ ተጠቅልሎ የተሠራ የብየዳ ማሽን። መሃል ላይ ደግሞ ከአንድ ሆቴል ወጥ ቤት «አልሠራ አለ» ተብሎ የመጣ ማይክሮዌቭ፤ ቆርቆሮው ወልቆ ሆድ ዕቃው ይታያል። ሙያ ለመልመድ የገባው ልጅ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈትቶ ትራንስፎርመሩን በሁለት እጁ አነሳው። በእጅ የሚያዝ ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ ሲያነሱት አራት ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

«ጋሼ፣ ይቺን ብቻዋን ሰክተን ብልጭታዋን ብናያትስ? ቪዲዮ ላይ እሳቷ እንደ ምላስ ሲዘረጋ አይቻለሁ።»

ጋሼ ከያዙት ቦርድ ቀና ሳይሉ «እሷ ምን አላት! ሁለት ሺህ ቮልት ናት» አሉት። «እኔን የቴሌቪዥኑ ሃያ አምስት ሺህ ስንቴ መትቶኝ ተነስቻለሁ።»

መብራት ጠፍቶ ስለነበር ነገሩ በዚያው አለፈ። የጋሼ ስሌት ግን እንዲሁ የሚያልፍ አይደለም። የመጣው ከቸልተኝነት ሳይሆን ከረጅም ልምድ ነው፤ አደገኛ ያደረገውም ይኸው ነው። ከሦስቱ ዕቃዎች በቮልት አንደኛው ቴሌቪዥኑ ነው። በአምፔር አንደኛው የብየዳ ማሽኑ ነው። ሰው በመግደል አንደኛው ግን በሁለቱም ሁለተኛ የወጣው፣ መሃል ላይ የተቀመጠው ነው።

ከወጥ ቤት እስከ ቆራሌው

የማይክሮዌቭ ልብ የሆነው ማግኔትሮን የጦርነት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ጆን ራንዳልና ሃሪ ቡት የተባሉ የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለራዳር የሚሆን ኃይለኛ ማግኔትሮን ሠሩ። በ1945 ደግሞ ሬይቲዮን በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፐርሲ ስፔንሰር ይኸው መሣሪያ ምግብ እንደሚያሞቅ አስተዋለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ማይክሮዌቭ ከሰው ቁመት ጋር የሚወዳደር፣ ከ300 ኪሎ በላይ የሚመዝን ቁም ሳጥን ነበር። ዛሬ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ሣጥን ሥራው ያው ነው፤ ማግኔትሮኑ በሴኮንድ 2.45 ቢሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ ያመነጫል። ለዚህም 4 ሺህ ቮልት ያህል ይፈልጋል። ትራንስፎርመሩ የግድግዳውን 220 ቮልት ወደ 2 ሺህ ገደማ ያሳድጋል፤ ካፓሲተርና ዳዮድ ተጋግዘው እጥፍ ያደርጉታል።

እኛ ዘንድ ዕቃው የሚመጣበት መንገድ ብዙ ነው። ከአረብ አገር የሚመለስ ሰው ከሻንጣው ጋር ይዞት ይገባል፤ ሆቴልና ካፌ ከመርካቶ ይገዛዋል፤ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ደግሞ በስጦታ ያመጣዋል። የአሜሪካው የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ ሶኬት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ይሰጣል። ያላወቀ ሰው በቀጥታ ሲሰካው ፊውዙ ይበጠሳል፣ ካልሆነም የትራንስፎርመሩ ጥቅልል ይቃጠላል። ቮልት በሚቀንስ ዕቃ በኩል ቢሰካ እንኳ የኸርዙ ልዩነት ስለማይስተካከል የብረቱ እምብርት ከልክ በላይ ይግላል። ይህን ያመለጠውን ደግሞ ከፍ ዝቅ የሚለው መብራት ያገኘዋል።

የተበላሸው ማይክሮዌቭ ዞሮ ዞሮ ቆራሌው እጅ ይገባል፣ ከዚያም ምናለሽ ተራን የመሰለ ቦታ ይደርሳል። እዚያ ሁሉም ሰው የሚፈልገው ትራንስፎርመሩን ነው፤ ዋጋ ያለው ሽቦው ነውና። ሻጭና ገዢ ሽቦውን በቢላ ጫፍ ጫር ያደርጉታል። ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፤ ነጭ ብር ከመሰለ አሉሚኒየም ነውና ዋጋው ይወርዳል። ከላይ የተቀባው ቫርኒሽ ሁለቱንም አንድ ስለሚያስመስላቸው ሳይጭሩ ማመን የለም። ብዙዎቹ አዳዲስ ትራንስፎርመሮች የተጠቀለሉት በአሉሚኒየም ነው።

ትራንስፎርመሩን ጠጋ ብሎ ላየው ነገሩ ቀላል ነው። በስስ በስሱ የተደራረበ የብረት ቅጠል አለ፤ በእሱ ላይ ሦስት ጥቅልል። ወፍራም ሽቦ ያለው የ220 ቮልቱ ነው። ቀጭን ሽቦ ብዙ ዙር የዞረበት የ2 ሺህ ቮልቱ ነው። ሦስተኛው ጥቂት ዙር ብቻ ያለው፣ የማግኔትሮኑን ክር የሚያግለው ነው። በሁለቱ ትልልቅ ጥቅልሎች መካከል የተወተፉ ሁለት ትንንሽ የብረት ቁራጮች ደግሞ ኮረንቲው ልጓም እንዳይበጥስ ይገቱታል። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የከፍተኛ ቮልቱ አንድ ጫፍ ነው፤ ከራሱ ከብረቱ ጋር ተያይዟል። ማይክሮዌቩ ውስጥ ሳለ ብረቱ ከሣጥኑ፣ ሣጥኑም ከመሬት ሽቦ ጋር ስለተያያዘ ነገሩ ሥርዓት አለው። ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ግን ያ ሁሉ ብረት የኮረንቲው ዑደት አንድ እግር ሆኖ ይቀራል፤ በአንድ እጁ ብረቱን ደግፎ በሌላው ሽቦውን የሚነካካ ሰው ሁለተኛው እግር እሱ ራሱ ነው።

ሦስት እሳቶች

ቮልት ግፊት ነው፣ አምፔር ደግሞ የሚያልፈው መጠን። ምዕራብ ሸዋ ላይ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከከፍተኛ ገደል ጠብ ጠብ የምትል ምንጭ አለች፤ ቁመቷ ያስፈራል እንጂ ከሥሯ ቢቆሙ ከማርጠብ አታልፍም። በሜዳ ላይ ቀስ ብሎ የሚሄድ አዋሽ አለ፤ ውሃው ብዙ ነው፣ ቁልቁለት ግን የለውም። በክረምት የሞላው የጉደር ፏፏቴ ደግሞ አለ፤ ቁመትም ውሃም አለው። ከሥሩ የሚቆም የለም።

ቴሌቪዥኑ የመጀመሪያው ነው። የድሮው ቴሌቪዥን ስዕል እንዲያሳይ ከመስተዋቱ ጀርባ 25 ሺህ ቮልት ያህል ይፈልጋል፤ የሚያልፈው ኮረንቲ ግን ከአንድ ሚሊ አምፔር ብዙም አይበልጥም፤ ይህም የአንድ አምፔር አንድ ሺህኛ ነው። ጠጋኙን ወርውሮ ወንበሩ ላይ ይጥለዋል፣ ክርኑን ከግድግዳ ጋር ያላትመዋል፣ ቆይቶ ግን ይስቅበታል። የጋሼ ድፍረት የተወለደው እዚህ ላይ ነው። ይህ ሲባል ቴሌቪዥን ደግ ነው ማለት አይደለም፤ ልቡ የደከመ ሰው ወይም በድንጋጤ ሌላ ነገር ላይ የሚወድቅ ሰው ሊሞትበት ይችላል። ሆኖም አብዛኛው ጠጋኝ በሕይወት ቆይቶ አውርቶታል።

የብየዳ ማሽኑ ሁለተኛው ነው። ኤሌክትሮዱ ብረት ሳይነካ በፊት ጫፉ ላይ ያለው ከ50 እስከ 80 ቮልት ነው፤ ብየዳው ሲጀመር ግን ከ100 አምፔር በላይ ይፈስሳል። ብረት ያቀልጣል፣ የደረቀ የሰው ቆዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያቆመዋል። በላብ የራሰ ጓንት አድርጎ እርጥብ መሬት ላይ የተንበረከከ በያጅ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል፤ ደረቁ በያጅ ግን ኤሌክትሮዱን በባዶ እጁ ሲቀይር በየሰፈሩ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

የማይክሮዌቩ ትራንስፎርመር ሦስተኛው ነው። 2 ሺህ ቮልቱ ቆዳን ለመብሳት ከበቂ በላይ ነው። ቆዳ በትንሽ ቮልት ጊዜ በብዙ ሺህ ኦም የሚከላከል ጋሻ ነው፤ ከጥቂት መቶ ቮልት በላይ ሲሆን ግን ይበሳና የሚቀረው የሰውነት የውስጥ ተቃውሞ ብቻ ነው፤ እሱም ከ1 ሺህ ኦም አይርቅም። በዚህ ላይ ትራንስፎርመሩ ግማሽ አምፔርና ከዚያም በላይ ያለ ችግር ይሰጣል። ከ30 ሚሊ አምፔር ጀምሮ የደረት ጡንቻ ተጨማድዶ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል፤ ከ50 እስከ 100 ሚሊ አምፔር ባለው መጠን ልብ ምቷን ስታ መንቀጥቀጥ ትጀምራለች። ግማሽ አምፔር 500 ሚሊ አምፔር ነው። ስለዚህ ልጁና ጋሼ ሊያዩት የነበረው ብልጭታ ለመግደል ከሚያስፈልገው አምስት እጥፍና ከዚያ በላይ ይዞ ነው የሚመጣው።

«ካልነካሁት አይነካኝም»

በ220 ቮልት የኖረ እጅ አንድ ሕግ ይዞ ይኖራል፤ የተራቆተ ሽቦ ካልተነካ አይነካም። ሕጉ እውነት ነው፤ ምክንያቱም አለው። ፍሪድሪክ ፓሸን የተባለ ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1889 ኮረንቲ በአየር ውስጥ ለመዝለል ምን ያህል ቮልት እንደሚፈልግ ለካ። ክፍተቱ የቱንም ያህል ቢጠብ ከ330 ቮልት ገደማ በታች አየር አይሰበርም። የግድግዳችን 220 ቮልት ደግሞ ጫፉ ላይ ሲደርስ 311 ነው። ከፓሸን ድንበር በጥቂቱ ዝቅ ብሎ የቆመ ቮልት በመሆኑ በአየር ላይ ዘሎ ሰው አይይዝም። ሶኬት ሲነቀል የሚታየው ብልጭታም የዘለለ ሳይሆን ይፈስስ የነበረ ኮረንቲ ሲቆረጥ የሚፈጠር ነው።

የማይክሮዌቩ ትራንስፎርመር ይህን ድንበር ተሻግሯል። ጫፉ 2 ሺህ 800 ቮልት ገደማ ስለሚደርስ በራሱ ይዘላል፤ የሚዘለው ግን አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ታዲያ በቪዲዮ የሚታየው ጣት የሚያህል እሳት ከየት መጣ? የብየዳ ሰው ይህን ያውቃል፤ ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ ጫር አድርጎ ወዲያው ከፍ ያደርጋል። ሁለቱ ጫፎች ሲነካኩ የተፈጠረው ሙቀት በመካከላቸው ያለውን አየር ወደ ፕላዝማ ይለውጠዋል፤ ፕላዝማ ኮረንቲ አስተላላፊ ነው። ከዚያ በኋላ ጫፎቹ ቢራራቁም እሳቱ የራሱን መንገድ እያገለ ይከተላል። በያጆች አርክ የሚሉት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1802 ሩሲያዊው ቫሲሊ ፔትሮቭ፣ በዚያው ዘመን ደግሞ እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ በባትሪ ያሳዩት አርክ ከዚህ የተለየ አልነበረም። መሃሉ ከ6 ሺህ ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊግል ይችላል። መዳብ የሚቀልጠው በ1 ሺህ 85፣ ብረት በ1 ሺህ 538 ዲግሪ ነው። ወደ ላይ ቆልመም የሚለው የጋለው አየር ስለሚነሳ ነው። ዓይን የሚያቃጥል አልትራቫዮሌት ጨረርና ጉሮሮ የሚከረክር ኦዞንም ይለቅቃል።

ቪዲዮው የማያሳየው ነገር እጅን ነው። አርኩን ለማስረዘም ሽቦውን ማራቅ ያስፈልጋል፤ ለማራቅ ደግሞ መያዝ። ሰውየው ከ2 ሺህ ቮልቱ የሚለየው ያገኘው የሽቦ ሽፋን ወይም እንጨት ብቻ ነው። አብዛኛው የቤት ሽቦ ሽፋን ለጥቂት መቶ ቮልት የተሠራ ነው፤ ደረቅ የሚመስል እንጨትም እርጥበት አለው።

ወንጪ ላይ አየሩ ይሳሳል

ኮረንቲ የሚዘልበት አየር በየከፍታው አንድ አይደለም። ከአምቦ ተነስቶ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ወደ ሐሮ ወንጪ የሚወጣ ሰው ከ2 ሺህ 100 ሜትር ገደማ ይነሳና ከእሳተ ገሞራው አፍ ከንፈር ላይ 3 ሺህ 400 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ከታች፣ በ2 ሺህ 900 ሜትር አቅራቢያ፣ ሐይቁ አለ፤ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም፣ ዳገቱ ላይ እንሰት የከበባቸው ቤቶች። የዓለም የቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከመረጣቸው አንዱ ይህ ቦታ ነው። ጎብኚ የሚያወርዱና የሚያወጡ ፈረሰኛ ወጣቶች ከንፈሩ ላይ ይጠብቃሉ።

ደመና ሲከብድ እነዚህ ወጣቶች ዋጋ መከራከሩን ይተዋሉ። አንዱ ሰማዩን አየት አድርጎ ፈረሱን ከብቸኛው ዛፍ ሥር ይፈታና ወደ ታች ይጎትተዋል። «ዛፍ ሥር አንቆምም፣ ወንድሜ፤ መብረቅ የሚወደው እሱን ነው» ይላል። ትምህርት ቤት የተማረው ሳይሆን ያደገበት ነው፤ ፊዚክሱ ግን ትክክል ነው። አንድ መብረቅ በተለምዶ 30 ሺህ አምፔር ያህል ይይዛል። መሬት ሲመታ ኮረንቲው በአፈሩ ውስጥ እየተበተነ ይሄዳል፤ ከተመታው ቦታ በተለያየ ርቀት ላይ ባሉ ሁለት ነጥቦች መካከል የቮልት ልዩነት ይፈጠራል። ሁለት እግሩን የገጠመ ሰው ልዩነቱ ትንሽ ነው። የፈረስ ወይም የላም የፊትና የኋላ እግር ግን ከአንድ ሜትር በላይ ስለሚራራቅ ልዩነቱ ትልቅ ይሆንና ኮረንቲው በሆዷና በልቧ በኩል ያልፋል። በአንድ መብረቅ ብዙ ከብት አልቆ እረኛው የሚተርፍበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ 30 ሴኮንድ ካልሞላ መብረቁ ከአሥር ኪሎ ሜትር ወዲህ ነውና ከከንፈሩ ወርዶ ቤት ወይም መኪና ውስጥ መግባት ነው።

ከፍታው ሌላም ሥራ አለው። በባህር ጠለል ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር አየር ለመስበር 30 ሺህ ቮልት ገደማ ያስፈልጋል። ወንጪ ሐይቅ ዳር አየሩ በባህር ጠለል ካለው ሰባ በመቶ ያህል ብቻ ስለሚመዝን 21 ሺህ ቮልት ይበቃል። ማለትም ጅቡቲ ወደብ ላይ ሦስት ሚሊ ሜትር የሚዘል ብልጭታ እዚህ አራት ሚሊ ሜትር አልፎ ይዘላል። አምቦ ላይም ቢሆን አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ድርሻ ጎድሎበታል። በባህር ጠለል አቅራቢያ የሚኖር ሰው «ይህን ያህል ርቀት ይበቃል» ብሎ በቪዲዮ የሚያስተምረው ርቀት ለእኛ ከፍታ አልተሰፈረም።

ትልልቆቹ መሐንዲሶች ይህን ቁጥር አይስቱም። ከታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተነስቶ በደዴሳ በኩል ሆለታ የሚደርሰው መስመር 500 ሺህ ቮልት ይሸከማል። ግድቡ ኃይል ማመንጨት የጀመረው የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲሆን የተመረቀው ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አሥርት ዓመታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የፊንጫ ኃይል ማመንጫ መስመር ከምዕራብ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ኖሯል። እንዲህ ያለ መስመር ከ1 ሺህ ሜትር ከፍታ በላይ ሲዘረጋ በአየር ላይ የሚተወው ርቀት እንደ ከፍታው እንዲጨምር ዓለም አቀፉ የምህንድስና ደረጃ ያዛል። በካፊያ ቀን ከመስመሩ ሥር የሚሰማው የጥዝታ ድምፅም በሽቦው ዙሪያ አየሩ በጥቂት በጥቂቱ ሲሰበር የሚፈጠር ነው። ግማሽ ሚሊዮን ቮልት ያለው መስመር ይህን ያህል ተለክቶለት ሳለ፣ ሥሩ ባለችው ከተማ ጠረጴዛ ላይ 2 ሺህ ቮልት በግምት ይነካካል።

እንጨት ላይ የተሳለ ሞት

ይህ ስጋት የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ባህር ማዶ የእንጨት ሥራ አፍቃሪዎች ዘንድ አንድ ፋሽን ተስፋፍቶ ነበር። ጨው ባለበት ውሃ የራሰ ጣውላ ላይ ከማይክሮዌቭ የወጣ ትራንስፎርመር ኮረንቲ ሲለቀቅ እሳቱ ቅርንጫፍ እያወጣ ይጓዛል፤ የዛፍ ሥር የመሰለ ውብ ጥቁር ስዕል ትቶ ያልፋል። ስዕሉን እ.ኤ.አ. በ1777 በጀርመን ጎቲንገን በአቧራ ላይ አስቀድሞ ያየው ጌኦርግ ሊሽተንበርግ ነው። እሱ የተጠቀመው ብዙ አምፔር የሌለውን፣ በመፋተግ የሚፈጠር ኮረንቲ ነበር። በማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር ሲሠራ ግን ሰዎች መሞት ጀመሩ። የአሜሪካ የእንጨት ቀራጮች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራው በማኅበሩ መድረኮች እንዳይታይ ከለከለ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 በዊስኮንሲን ግዛት ጥንዶች በዚሁ ምክንያት ሕይወታቸው አለፈ።

እዚህ ሥራ ውስጥ የሚገባ ሰው መከላከያ አለኝ ብሎ ሊያምን ይችላል። ብሬከር አለ፣ ፊውዝ አለ፣ አዲስ ቤት ከሆነ ኮረንቲ ወደ መሬት ሲያመልጥ የሚቆርጥ መሣሪያም አለ። ከትራንስፎርመሩ ወዲያ ግን አንዱም አያይም። በሰውየው ውስጥ ያለፈው ኮረንቲ የሚመለሰው ወደ ትራንስፎርመሩ ሁለተኛ ጥቅልል እንጂ ወደ ቆጣሪው አይደለም። ከግድግዳው የሚወጣና የሚገባው እኩል ስለሆነ የመሬት ፍሳሽ ጠባቂው ሁሉ ሰላም ነው ይላል። ብሬከሩም ምጣድ ወይም ምድጃ የተሰካ ይመስለዋል። ሰው እየሞተ መብራቱ አይጠፋም፤ ሊያድን የሚሮጠው ሁለተኛ ሰውም በዚያው ይያዛል። መጀመሪያ መነካት ያለበት ሶኬቱ ነው፤ እሱ ካልተደረሰበት ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ።

ካፓሲተሩም የራሱ ጣጣ አለው። ማይክሮዌቩ ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን በሺህዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ውስጡ ቀስ ብሎ የሚያፈስስ ሬዚስተር ይገጠማል፤ ሬዚስተሩ ከተበላሸ ግን ከውጭ በማየት አይታወቅም። ማይክሮዌቩ የመጣው ተበላሽቶ ነውና የትኛው ክፍል እንደሠራ፣ የትኛው እንዳልሠራ አስቀድሞ መተማመን አይቻልም።

የሚጠቅመው መንገድ

ትራንስፎርመሩ ግን የሚጣል ዕቃ አይደለም። ሰው የሚገድለው አንድ ክፍሉ፣ ቀጭኑ ጥቅልል ነው። እሱ በመጋዝ ተቆርጦ ሲወጣ 2 ሺህ ቮልቱ አብሮ ይወጣል። የቀረው ብረትና የ220 ቮልቱ ጥቅልል በአንድ ዙር አንድ ቮልት ገደማ የሚሰጥ እምብርት ነው። በባዶው ቦታ አውራ ጣት የሚያህል ወፍራም ገመድ ሁለት ዙር ሲዞርበት ሁለት ቮልትና በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይሰጣል። ስስ ላሜራ ነጥብ በነጥብ ለመበየድ፣ የባትሪ ሴሎችን ለማያያዝ የሚሠራው እንዲህ ነው። ገዳዩ ከመሃል ተነስቶ ከብየዳ ማሽኑ ጎን ይሰለፋል ማለት ነው። የ220 ቮልቱ ወገን እንዳለ ስለሚቀር በቆርቆሮ መሸፈን፣ ብረቱም ከመሬት ሽቦ ጋር መታሰር አለበት፤ ይህን ያህሉን ግን ብየዳ ማሽን የሚጠቀልሉት የእጅ ባለሙያዎቻችን ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቁታል።

ብርቱ ጉጉት ያለው ልጅ «አትንካ» ተብሎ አይቆምም። ቢቆምም መልካም አይደለም፤ ዕቃ ፈትቶ ውስጡን ማየት የሚወድ ልጅ ለአገር ይፈለጋል። አርክ ማየት ከፈለገ ብየዳ ቤት ይሂድ፤ የብየዳ ጭምብል አድርጎ፣ በ70 ቮልት፣ ከሚያውቅ ሰው ጎን ቆሞ ሙሉ አርክ ያያል። ከፍተኛ ቮልት መማር ከፈለገ ደግሞ ይህ የትምህርት ተቋማት ሥራ ነው። አምቦ ዩኒቨርሲቲ በሐጫሉ ሁንዴሳ ስም የሚጠራ የምህንድስና ካምፓስ አለው፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም በየከተማው አሉ። አንድ መምህር ያልተሰካ ቴሌቪዥን፣ ያልተሰካ ማይክሮዌቭና ያልተሰካ የብየዳ ማሽን ጎን ለጎን አስቀምጦ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ቁጥር ቢጽፍ ትምህርቱ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። 25 ሺህ ቮልት፣ አንድ ሚሊ አምፔር። 2 ሺህ ቮልት፣ 500 ሚሊ አምፔር። 70 ቮልት፣ 100 አምፔር። ከዚያ የትኛው እንደሚገድል ተማሪዎቹን ይጠይቃቸው።

ትምህርቱ ከግቢው ወጥቶ ጥገና ቤት መድረስ አለበት። ጋሼን የመሰሉ ሰዎች ምስክር ወረቀት ባይኖራቸውም የከተማው እውነተኛ መምህራን እነሱ ናቸው፤ አንድ ልጅ ከእነሱ የሚሰማውን ቁጥር ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። እስከ ዛሬ የሚሰጡት ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ ስንት ቮልት ነው የሚለው። በቴሌቪዥን ዘመን ያ በቂ ነበር፤ የሚገባው ፍርሃት ከቮልቱ ጋር አብሮ ይወጣ ነበርና። ማይክሮዌቭ ጠረጴዛው ላይ ከወጣ ወዲህ ግን ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው በፊት ይጠየቅ፤ ከጀርባው ስንት አምፔር አለ? መልሱ ከሠላሳ ሚሊ አምፔር ከበለጠና ቮልቱም ቆዳ ከበሳ፣ የሚሰካ ነገር የለም። ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ካፓሲተሩ ባዶ መሆኑ በሚያውቅ ሰው ተረጋግጦ፣ ቀጭኑ ጥቅልል ተቆርጦ ይጣል፤ ሥራ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።